የአናጺው ብድር ስንት ያወጣል

እታለም ሥራዋን ስትጠየቅ «ብድር ቤት ነው የምሠራው» ብላ ታልፈዋለች። ሰው ደግሞ ብድር ቤት ሲባል ገንዘብ የምታድል ይመስለዋል፤ «እህትሽን አማልጂን» እያለ በኔ በኩል ደጅ የጠና ጎረቤት ቁጥር የለውም። እሷ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለአንድም ሰው አበድራ አታውቅም። ሥራዋ መገመት ነው። ድርጅቱ ያበደረው እያንዳንዱ ብድር ዛሬ ገበያ ወጥቶ ቢሸጥ ስንት ያወጣል ብላ አስልታ ቁጥሩን ትጽፋለች፤ ከሥሩም ትፈርማለች። በመሥሪያ ቤቷ ቋንቋ «ትክክለኛ ዋጋ» ይሉታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ብድር እንዴት ተደርጎ እንደሚሸጥ እስኪገባኝ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ያስረዳችኝ እዚሁ ፊተኛው ክፍል፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ክርኗን ተደግፋ ነው።

«አንዲት ደንበኛሽ ኮት አሰፍታ፣ መቶውን የዛሬ ዓመት እሰጥሻለሁ አለችሽ እንበል» አለችኝ። «ያንን ቃሏን ዛሬ ለኔ ሽጪልኝ። በስንት ትሸጪልኛለሽ?»

«በመቶ ነዋ።»

«ሞኝ። ዓመት ሙሉ የምጠብቀውን ነገር በመቶ ምን ቆርጦኝ እገዛዋለሁ?»

ተከራክረን ሰማንያ አምስት ላይ ተስማማን። ቀጥላ «ሴትዮዋ ደግሞ ሰው የምታጉላላ ብትሆንስ?» አለች። ወደ ስልሳ ወረድኩ። «ስልክ ማንሳት ብታቆምስ?» ስትለኝ ተናደድኩና ኮቱን መልሼ እወስዳለሁ አልኳት። እሷ እየሳቀች «ሥራዬ ይኸው ነው፣ ትንሿ» አለች። አንዱ ቅናሽ ለመጠበቁ ነው፣ ሌላው ቅናሽ ደግሞ ለፍርሃቱ። ትንሿ የምትለኝ እኔን ነው፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «እሜቴ ቅናሽ» ነው የሚሏት። ፊት ለፊት ባይሏትም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። እንደ መንግሥት ቦንድ ያለው ዋጋው በየቀኑ የሚለጠፍ ነገር አለ፤ እሱን ማንም ይገለብጠዋል። የራሱ ዋጋ ባይለጠፍም የሚመስለው የተሸጠበት የሚታወቅ ነገርም አለ። ሦስተኛው ግን ገበያም አምሳያም የለውም። የዳቦ ቤት ብድር፣ የጥርስ ሐኪም ብድር፣ የአናጺ ብድር እንዲህ ነው። ሌሎቹ ከዚያኛው ሲሸሹ እታለም ወንበሯን ስባ ትጠጋለች። ከተበዳሪው ክፍያ መጀመሪያ የምታየው ቀኑን ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚከፍለውንና ደሞዝ በወጣ ማግስት የሚከፍለውን ለይታ ታውቃለች። ቀጥላ የቁጥሩን ጭራ ታያለች። ድፍን ሦስት መቶ የሚከፍል ሰው ከተረፈው ላይ ቆንጥሮ ነው ትላለች። ሦስት መቶ አሥራ ሰባት የሚከፍል ግን ኪሱን ገልብጦ ነው፤ ያን ሰው እመኚው ትለኛለች።

ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ከከፈሉት ሰዎች አንዱን እኔም አውቀዋለሁ። የምቆርጥበትን ጠረጴዛ የሠራልኝ እሱ ነው።

አናጺው ትልቅ የእንጨት መሰንጠቂያ ለመግዛት ከእነሱ ዘንድ ተበደረ። ማሽኑ መያዣ ስለሆነ እታለም ዋጋውን ልትገምት ሱቁ ድረስ ሄደች። «ይኼ ማሽን ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ብትለው «እኔ አልሸጠውማ» አላት። ይህን ቤት መጥታ ስትነግረኝ ሳቋን መጨረስ አቅቷት ነበር፤ ያኔውኑ ገባኝ። ሲቀራረቡ እንደ ደንቡ ለኃላፊዋ ሄዳ ተናገረች። ኃላፊዋ አሰቡና «ብድሩን የወሰደው ሳታውቂው ነው፤ ግምቱን አንቺ ሥሪ፣ እኔም አንድ በአንድ አይቼ አብሬሽ እፈርማለሁ» አሏት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ቤታችን ውስጥ ያልተሠራ እንጨት አልነበረም። የሚጋቡበትን ወር ቆርጠው፣ እኔም ጨርቁን ገዝቼ ነበር።

አንድ ቀን በቀትር ሱቁ ተቃጠለ። ማሽኑ፣ የተገዛው ጣውላ፣ የሰው ቀብድ የተበላበት ቁም ሳጥን፣ ሁሉም አመድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን በራችን ላይ መጥቶ ቆመ። ግባ ቢባል አልገባም። «ያንቺን መሥሪያ ቤት ዕዳ ተሸክሜ ያንቺ ባል አልሆንም» አላት። «ሠርቼ እከፍላለሁ። ስጨርስ እመጣለሁ።» ሰው ይህን ኩራት ይለዋል፤ እኔ ድንቁርና ነው የምለው፣ አሁንም እለዋለሁ። የጠረጴዛዬ አንዷ መሳቢያ እጀታ አልተገጠመላትም ነበር። በሪባን አስረን ነው እስከ ዛሬ የምንስባት።

ለአምስት ዓመት ከፈለ። አንዴ ከአንዱ ከተማ ቅርንጫፍ፣ አንዴ ከሌላው፣ ሥራ እንደወሰደው። ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት፣ አራት መቶ ዘጠኝ፣ አንዴ ደግሞ ሰማንያ አንድ ብቻ። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። እታለም ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ኮምፒውተር የቁጥሩን መስመር ታያለች፤ ማታ ስትመጣ በሩ ሥር ጫማዋን እያወለቀች «ከፈለ» ትለኛለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። የዚያን ዕለት ግን እራት ላይ አፏ ይፈታል። አሁን መነጽር ሳያደርግ አይቀርም፤ የመጋዝ ብናኝ ዓይኑን ይጎዳው ነበር። የሰማንያ አንዷ ወር ታሞ ይሆን? ሰው ቤት ይበላል ወይስ ራሱ ያበስላል? እኔ «ጨው የሚያበዛ ሰው ለራሱ ባያበስል ይሻለዋል» እያልኩ አብሽቃታለሁ።

አንዴ ዓመት ፈቃዷን ወስዳ ክፍያው ይመጣበት ወደነበረው ከተማ ሄደች። ሦስት ቀን ሙሉ ከቅርንጫፉ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተመለሰች። የዚያን ወር ከሌላ ቦታ ከፍሏል። «ምነው አንዱን እንኳ ጠይቀሽ ቢሆን?» ስላት፣ «እመጣለሁ ያለው እሱ ነው እኮ» አለችኝ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ የማይነካ ነገር እንደነካሁ ገባኝ።

በስድስተኛው ዓመት ቆመ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት አለፈ። እታለም ጫማዋን ዝም ብላ አውልቃ ትገባለች። ምግብ ይቀርብላታል፣ እንደቀረበ ይነሳል። ስትሠራ የምታንጎራጉራት ነገር ነበረቻት፣ እሷም ጠፋች። በአራተኛው ወር አንድ እሑድ ባዶዋን መሳቢያ በሪባኗ ስትከፍትና ስትዘጋ አየኋት። አንጀቴ አልቻለም።

ባዶ ያልኳት መሳቢያ፣ ከቃጠሎው በፊት እኛ ቤት ረስቶት የቀረ የአናጺው የክፍያ ደብተር ብቻ ነበረባት። የብድሩ ቁጥር እላዩ ላይ ተጽፏል። ማክሰኞ በጠዋት አውቶቡስ ይዤ ዚፕና ክር በጅምላ ወደምገዛበት ከተማ ሄድኩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። እዚያም ቅርንጫፍ አላቸው። ሦስት መቶ ቆጥሬ ለገንዘብ ተቀባዩ ሰጠሁት፣ የከፋይ ስም ሲለኝ የአናጺውን ስም ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ፤ ማኅተሙን መታና ደረሰኙን ወረወረልኝ።

በሁለተኛው ቀን እታለም መጣች። አንዱን ጫማዋን አውልቃ ሌላውን እንዳደረገች ቆማ ቀረች። «ከፈለ» አለችኝ።

የያዝኩትን ጨርቅ አጣምሜ ቆረጥኩት። የደንበኛ ጨርቅ ነበር፣ ኋላ ከኪሴ ተካሁት። ያን ዕለት ግን እራቷን በላች፣ እኔም ከዚህ በኋላ ማቆም እንደማልችል ያኔውኑ አውቄዋለሁ።

ስድስት ዓመት ከፈልኩ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲበዛ አምስት መቶ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ መቶ። ሁለት ክፉ የመንጋጋ ጥርሶቼን ሳላሳክም ቀርቻለሁ። በየወሩ ማክሰኞ አጊጬ አውቶቡስ ስሳፈር ያየ ጎረቤት «እዚያ ሰው አላት» ብሎ አስወርቶብኛል። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖርኩ። በመሐል ሚስቱ የሞተችበት አንድ የሒሳብ መምህር እታለምን ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ጨዋ፣ ሰው አክባሪ፣ ሸሚዙን እኔ የምሰፋለት ሰው ነው። «ሰው አለኝ» ብላ መለሰችው። ከማሽኔ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። አለኝ ያለችው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔና ዚፖቼ። የዚያን ቀን፣ የማደርገው ነገር ደግነት ይሁን በደል መለየት አቃተኝ፣ ማክሰኞ ሲደርስ ግን ሄድኩ።

እታለም ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር ሲቀራት ድርጅቱ አሮጌ ብድሮቹን በጅምላ ለመሸጥ ወሰነ። ገዢ ተገኝቷል። ከሽያጩ በፊት ግን እያንዳንዱ ፋይል ዋጋው ተገምቶ፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ፣ የገማቹ ፊርማ ሊያርፍበት ይገባል። አንድ መቶ አርባ ፋይል ለእታለም ተሰጣት። «የአናጺውም አለበት» አለችኝ፣ ውኃ እየጠጣች፣ ስለ አየሩ የምታወራ ያህል ቀስ ብላ።

ብድሩ ከተሸጠ ገዢው ሰው ይልካል፤ ገንዘቡ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚመጣ ያያል፣ እዚያ ሄዶ «የት ነው ይኼ አናጺ?» ይላል። አናጺ የለ፤ ያለችው ዚፕ የምትገዛ ልብስ ሰፊ ናት። እሱም ይቅር። እታለም በሠላሳ ዓመት አንድ የውሸት ቁጥር ጽፋ አታውቅም። አሁን ግን ስድስት ዓመት ሳያቋርጥ የከፈለ ተበዳሪ ነው ብላ ደህና ዋጋ ትጽፍለታለች፣ ገዢው ይከፍልበታል፣ ከሥሩ የእሷ ፊርማ አለ። ጡረታ በምትወጣበት ዓመት ስሟን የማጎድፈው እኔ ነኝ። እነግራታለሁ ስል፣ ከነገርኳት ደግሞ አናጺው ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ መቅረቱን በአንድ ጊዜ ትሰማለች። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የነገርኳት። ዩኒፎርም ደርሶብን ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኝ ተቀምጠናል፤ እሷ ጠርዝ ትተረትርልኛለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።

«እታለም፣ የአናጺውን ፋይል ፈርመሻል?»

«ሰኞ እፈርማለሁ። ምነው?»

«ከመፈረምሽ በፊት…» ብዬ ጀመርኩ። መሳቢያውን፣ ደብተሩን፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉንም አከታትዬ ነገርኳት። «እሱ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

መተርተሯን አላቆመችም። ክሯን ስባ ጨረሰችና ጣቷ ላይ ጠቀለለቻት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«አንቺ እንደሆንሽ። በሁለተኛው ወር ነው ያወቅኩት።»

«በምን?»

«ትንሿ፣ ዚፕ ከምትገዢበት ከተማ፣ ዚፕ በምትገዢበት ማክሰኞ ይከፈላል። ዩኒፎርም ሲደርስ ይጨምራል፣ ሥራ ሲጠፋ ይቀንሳል። ደግሞ ሁልጊዜ ድፍን ነው። ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ መቶ። እሱ አንድም ቀን ድፍን ከፍሎ አያውቅም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይኼን ሥራዬን ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ዋጋውን ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?»

«ዜሮ። ካወቅኩ ወዲህ በየዓመቱ ዜሮ ነው የጻፍኩት። ኃላፊዬም ነግሬያቸው ያውቃሉ፤ ‘ተበዳሪው መክፈል አቁሟል፣ የሚገባው ገንዘብ የሌላ ሰው ችሮታ ነው’ ይላል ምክንያቱ። ሰኞም የምጽፈው እሱኑ ነው።»

ስሟ እንደተረፈ ሲገባኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ብግን አልኩ። ጥርሶቼ ትዝ አሉኝ። አውቶቡሱ፣ የጎረቤት ወሬ፣ በዝናብ የበሰበሱ ጫማዎቼ ትዝ አሉኝ። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ ሰካሁት።

«እኔ ጥርሴን እንኳ ሳላሳክም ለዜሮ ነው ስድስት ዓመት የተንከራተትኩት? አንቺስ በምን አፍሽ ነው እየመጣሽ ‘ከፈለ’ የምትዪኝ?»

«ያን የጠርዝ መጥለፊያ፣ ኦቨርሎክ ማሽኑን፣ ለምን የገዛሁልሽ መሰለሽ? የከፈልሽውን ልመልስልሽ ነው» አለች። «በእርግጥ የጥርሱን አላሰብኩትም ነበር።»

«ማሽኑን ተዪው። መምህሩንስ? እያወቅሽ ነው ሰው አለኝ ያልሽው?»

«እያወቅኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

ጣቷ ላይ የጠቀለለቻትን ክር ፈታች፣ መልሳ ጠቀለለቻት።

«ብነግርሽ ታቆሚ ነበራ» አለች።

እሷም ቀጠለች፤ ድምጿ ግን የምትታወቀው የእሜቴ ቅናሽ ድምፅ አልነበረም። «በየወሩ አንድ ቀን ስሙ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ከስሙ አጠገብ ቀን አለ፣ ቁጥር አለ። እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ቁጥሩ ያንቺ ነው። ግን ስሙ ነው። እስከ ማታ ድረስ ደስ ይለኛል። ለሰው ሁሉ መጠበቅ ቅናሽ ሳሰላ ኖሬ፣ ለራሴ መጠበቅ ማስላት አቃተኝ። ይናፍቀኛል፣ ትንሿ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያርፍ ይናፍቀኛል።»

እህቴ ይህን ስትናገር ከተወለድኩ ሰምቼ አላውቅም። ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የቀረውን ጠርዝ ለሁለት ተረተርነው።

ሰኞ ዜሮዋን ጽፋ ፈረመች። አንድ መቶ አርባው ፋይል ተሸጠ፤ የአናጺው ዋጋ ስላልነበረው ለገዢው በነጻ ተመርቆለት ሄደ። በአምስተኛው ወር መሥሪያ ቤቷ አበባ ሰጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ሸኛት። ቤት ዋለች። ጫማ የሚወልቅበት ሰዓት ቀረ። አትናገርም እንጂ የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ እንደሚከፋት አያለሁ፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ቁልፎቼን በየመጠናቸው ትለያለች፣ የተለዩትን መልሳ ትደባልቃለች።

ባለፈው ማክሰኞ ዚፕ ልገዛ ሄድኩ። ከገዛሁ በኋላ እግሬ በለመደው መንገድ ቅርንጫፉ ውስጥ ይዞኝ ገባ። የብድሩን ቁጥር ከልቤ ነው የማውቀው፣ ነገርኩት። ገንዘብ ተቀባዩ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ይኼ ቁጥር እኛ ጋ የለም፣ እናቴ። ተዘግቷል» አለኝ። ገንዘቡን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ወጣሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ እስክቀመጥ እንባዬን ያዝኩት።

ቤት ስገባ እታለም ጠረጴዛው ጋ ናት። የሪባኗ መሳቢያ ተከፍታለች። ከቁልፎቹ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ እኔ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ጠየቀችኝ።

«ከፈለ?»

የምትቀልድ መስሎኝ አየኋት። አልቀለደችም።

«ከፈለ» አልኳት።

«ስንት?»

ዚፖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሦስት መቶ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሦስት መቶ አርባ ሰባት» አልኩ።

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። መሳቢያዋን በሪባኗ ቀስ አድርጋ ዘጋቻት።

«እሱ ነው» አለች።